የታጠበው ባልዲ

ስሟ ሌላ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «እትዬ ጽዳት» ነው የሚላት። ከእሷ ወተት የሚገዛ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ በሯን አያንኳኳም፤ ካንኳኳም ቀጥታ ወደ ቧንቧው ትመልሰዋለች። ማጀቷን ብትሉ፣ በረቷን ብትሉ፣ የበሯን ደፍ ብትሉ፣ በየቀኑ ይፈተጋል። በረኪና በረኪና የማይል ቤት ቤት አይመስላትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፣ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ እያጠበች።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ታናሽ እህቷ ትኖራለች። ግቢው የእናታቸው ነበር፤ ለሁለት ተካፈሉት። ታናሽየዋ የታላቋ ተቃራኒ ናት። ልጆቿ፣ ዶሮዎቿና ላሟ ተደባልቀው ይውላሉ፤ ዕቃ ሲፈለግ ይታጠባል፣ ካልተፈለገ ማን ይነካዋል! እትዬ ጽዳት እዚያ ቤት ውሃ ሲሰጣት ኩባያውን ይዛ ትነሳና አለቅልቃ ነበር የምትጠጣው። ታናሽየዋም «አመሏ ነው» ብላ ትስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ትንሿ ልጇ ተቅማጥ አጣድፏት ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው። እትዬ ጽዳት ጠያቂ በሞላበት ክፍል መሀል ቆማ «በቆሻሻሽ ልጅሽን ልትገድያት ነው!» አለቻት። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ድና ወጣች፤ እህትማማቾቹ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ተኮራርፈው ቀሩ።

ታዲያ በዚህ መሀል ዳልቻ ታመመች። ዳልቻ የእትዬ ጽዳት ላም ናት። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም ሩቅ አገር ሥራ ከያዘ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» የምትለው ለዳልቻ ነው። መተዳደሪያዋም እሷው ናት። ላሚቱን ሳል ቢጤ ሞከራት። እትዬ ጽዳት መቼ ቁጭ ብላ ታያለች! ለራሷ ታዞላት የተረፈ የኢንፌክሽን እንክብል ነበራት፤ «ይቺ ከእኔ ትገዝፋለች» ብላ ጭብጥ ሙሉ አዋጠቻት። ሳሉስ ለቀቃት፤ ዳልቻም መኖውን ለቀቀች። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ማመስኳቷን አቆመች፣ ተኝታ የቀረበላትን ድርቆሽ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

የከብት ሐኪሙ መጥቶ ማዳመጫውን ጎኗ ላይ አስደገፈ። ወጣት ነው፣ ቀልድ ይወዳል፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«እናቴ፣ ሆዷ ዝም ብሏል። ምን ሰጧት?»

ነገረችው። ጭንቅላቱን ያዘ።

«ላም ሣሩን ብቻዋን የምትፈጨው ይመስልዎታል? ሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ነፍሳት አሉ። ሣሩን የሚያብላሉላት እነሱ ናቸው። እርስዎ በዚያ እንክብል ክፉውንም ደጉንም ጠርገው አወጡት!»

«ታዲያ መድኃኒቱን እዘዝላታ!»

«መድኃኒቱ ፋርማሲ የለም፤ ያለው ጤነኛ ላም ሆድ ውስጥ ነው። በቱቦ ቀድቼ ለዳልቻ አጠጣታለሁ። የእርጎ እርሾ ይበሉት፤ ትንሽ ጣል ካደረጉበት ራሱ ይበዛል። ዛሬ ካልሆነ ግን አላውቅም፣ የምትቆይልን አይመስለኝም። ቅርብ ላም ያለው ማነው?»

እትዬ ጽዳት አፏን ሳትከፍት፣ ከአጥሩ ወዲያ የእህቷ ላም «እምቧ» አለች።

«ይኸው፣ ራሷ መለሰችልን!» አለ ሐኪሙ።

«አንተው ጠይቃት» አለች እትዬ ጽዳት ፊቷን አዙራ። «ላከችኝ እንዳትላት ብቻ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሐኪሙ ባልዲ ሲጠይቃት ግን አመሏ ተነሳባት። ከዚያ ቤት የሚመጣ ነገር፣ ያውም ከላም ሆድ የወጣ! ባልዲዋን ከነክዳኑ በበረኪና ፈተገችው። የወተት ዕቃ ስታጥብ ደጋግማ በውሃ ታለቀልቃለች፤ ለዚህኛው ግን ከበረኪናው ጥቂት ከታች አስቀረችበት፣ የሚመጣውን ቆሻሻ እንዲያጸዳላት ብላ። ከድና ሰጠችው።

ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ ባልዲውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንዳይቀዘቅዝ አቅፎት ተመለሰ። እህትየዋ እምቢ አላለችም። ሊያጠጣ ክዳኑን ከፈተና አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ምንድነው የሚሸተኝ?»

«በረኪና ነው» አለች እትዬ ጽዳት፣ ኮራ ብላ። «አሳምሬ ነው ያጠብኩት።»

ሐኪሙ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠና እዚያው ቁጢጥ አለ።

«እናቴ፣ ገደሏቸው።»

«እነማንን?»

«ሁሉንም። ላሚቱን የሚያድኑት እኮ እነሱ ነበሩ።»

እትዬ ጽዳት ዞር ብላ ዳልቻን አየቻት። ዳልቻ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ በቀስታ ትተነፍሳለች።

«ሂድና ድጋሚ ለምንልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«በምን ዓይኔ? ላሟ ጉሮሮ ውስጥ ያን ሁሉ ቱቦ ስሰድ ቀንዷን ይዛልኝ ነው የቆመችው። አሁን ሄጄ እህትሽ በረኪና ጨመረችበት ልበላት? ይሄን እንኳ እርስዎ ይንገሯት።»

በሁለቱ በሮች መካከል ያለው መንገድ አንድ ሰው ሳል ብሎ ሳይጨርስ የሚያልፈው ነው። ለእትዬ ጽዳት ግን ያን ቀን ረዘመባት። የእህቷን በር ስትገፋ ዶሮዎቹ በእግሯ መሀል ተበተኑ። ታናሽየዋ የላሟን አፍ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ቀና አለችና ፊቷ ጠቆረ።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለች። እንደ ወትሮው «እትዬ» አላለቻትም።

«ባልዲው... በረኪና ነበረበት። ሁሉም ሞቱ።»

«ለምን በረኪና ታደርጊበታለሽ? ከእኔ ቤት ስለሚመጣ ነው?»



«አዎ» አለች እትዬ ጽዳት። «ስላንቺ ነው።»

ታናሽየዋ ከንፈሯን ነከሰች። ዞራ ልትገባ ስትል ታላቋ ክንዷን ያዘቻት።

«ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ... ልጅሽ ታማ ስትጨነቂ ማቀፍ ሲገባኝ፣ ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ስንት ጊዜ አጥሩ ጋ መጥቼ ተመልሻለሁ መሰለሽ! ኩራቴ ነው የያዘኝ። ላሚቱን ብትከለክዪኝም መብትሽ ነው። ግን ይቅር በይኝ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ታናሽየዋ ክንዷን አስለቀቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ጎኑ የተጣመመ ባልዲ ይዛ ወጣች፤ አሸዋ እንኳ በውሉ አልወጣለትም። በውሃ ብቻ ለቅለቅ አደረገችው።

«ያንቺ ባልዲ ሁለተኛ እዚህ ግቢ አይገባም፣ እትዬ» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «ነይ፣ ቀንዷን ያዥልኝ።»

ሐኪሙ ተጠርቶ መጥቶ ዳግመኛ ቀዳ። የሞቀውን አረንጓዴ ፈሳሽ ሁለቱ እህትማማቾች ተጋግዘው ወሰዱት፤ ታናሽየዋ የዳልቻን ራስ ደግፋ፣ ታላቋ ቱቦውን ይዛ አጠጧት። ላሚቱ አንዴ ስትወራጭ የእትዬ ጽዳት ነጭ ነጠላ ላይ ተረጨ። ሐኪሙ «ይታጠቡ እንጂ» አላት። «ቆይ እስቲ፣ ትዋጥ መጀመሪያ!» ብላ ጮኸችበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እትዬ ጽዳት በረት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዳልቻን አፍ ስትጠብቅ ነበር። ላሚቱ ድርቆሹን አሸተተች፣ ትንሽ ቀጠፈች። ቆይታም አንገቷ ላይ አንድ ነገር ሽቅብ ሲወጣ ታየ፤ መንጋጋዋም ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«አመሰኳች!» እትዬ ጽዳት ነጠላዋን ጥላ ወደ እህቷ ቤት ሮጠች። «አመሰኳች እኮ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አመሰኳች!»

«እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!» አለች ታናሽየዋ፣ ከደጅ ተቀብላ አቅፋ እያስገባቻት። «ተቀመጪ፣ ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። ማነሽ፣ ለአክስትሽ ውሃ!»

ያቺ ታማ የነበረች ትንሽ ልጅ ራሷ ስትጠጣበት የነበረውን ኩባያ፣ ግማሽ ውሃ የቀረበትን፣ ዘረጋችላት። እናቷ ደንግጣ ቀማቻት።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አክስትሽ እንዲህ አትጠጣም። ቆዪ እትዬ፣ አሁን ላጥበው...»

«ተይው» አለች እትዬ ጽዳት፣ እጇን ወደ ኩባያው ዘርግታ። «አትጠቢው።»

ኩባያውን ከእህቷ እጅ ወሰደች፣ ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ውሃውንም እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ኩባያውን ለእህቷ መልሳ ሰጠቻት።

«ድገሚኝ» አለቻት።