ዘጠነኛው በር

እንቲን ወንድሟን የተቀየመችው ከበሩ ይልቅ ስልኩን ስላስቀደመ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የሩዝ ማስቀመጫው ክፍል መቀርቀሪያ ከውጭ ወድቆባት፣ "ሰው የለም እንዴ? ጨለማ ነው፣ ክፈቱልኝ!" እያለች በሩን ስትደበድብ፣ ዊልዳን መጀመሪያ ድምፅዋን ቀዳ፣ ከዚያ ከፈተ። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ያሳደገችው ልጅ!

ሎቴክ፣ በለውዝ የሚለወስ አትክልት፣ ከምትሸጥበት ቤቷ በላይ ባለችው ክፍል ዊልዳን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ። በጠፈር ላይ የምትንሳፈፍ ባዶ መርከብ ናት፤ በሮቿ ሁሉ እንቆቅልሽ። ስምንቱን ከፍቶ ዘጠነኛው ላይ የደረሰ ሰው የእንቲንን ጩኸት ይሰማል። ያን በር የከፈተ ግን የለም። አንዱ ተጫዋች የካፒቴኑ ሚስት ናት ይላል፣ ሌላው በዓለም የቀረች የመጨረሻዋ ሰው። እሷ ግን ኢንዶኔዥያ፣ ባንዱንግ ከተማ ተቀምጣ ለሎቴኩ ለውዝ ትወቅጣለች። ፎቅ ላይ ጨዋታውን በነኩት ቁጥር የገዛ ጩኸቷ በጣውላው ሾልኮ ይወርድባታል።

"አውጣኝ ከዚያ" ትለዋለች።

"ቴህ፣ አንቺ እኮ የጨዋታው ነፍስ ነሽ!" ይላል ዊልዳን። ቴህ የሚላት ታላቅ እህቱ ስለሆነች ነው።

"ነፍስ ከሆንኩ ለምን ታንቄ እኖራለሁ?"

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርባት፣ እጇን ጠርጋ ደረጃውን ወጣች።

"ተነሥ፣ ልሞክረው።"

"አንቺ? ስልክሽን እንኳ የምከፍትልሽ እኔ ነኝ!"

"አፍህን ዝጋና የሚያስኬደውን አሳየኝ።"

እየሳቀ ጨዋታውን ዘጠነኛው በር ፊት አቆመላት።

"ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?"

"ቁጥር ይሞክራል፣ በእሳት ይቆርጣል፣ ይደበድባል።"

"ማንኳኳትስ?"

"ይቺን ተጫኚ።"

አንኳኳች። "አሰላሙ ዓለይኩም" አለች፣ ሰው ቤት የሄደች ይመስል። ጠበቀች። ደገመች። ሦስተኛውን ስታንኳኳ የዊልዳን ሳቅ ጠፋ።

ገባት። በአምስት ዓመቱ ጆሮውን እየቆነጠጠች ያስተማረችው ነው፦ ሰው ደጅ ሦስቴ ሰላም በል፣ ካልመለሱልህ ዞረህ ሂድ፣ አታጮልቅ።

"የበሩን መክፈቻ ይኸን ነው ያደረግከው?"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ቴህ፣ እባክሽ አትዙሪ። አንዴ ከተከፈተ ለሁሉም ነው የሚከፈተው፣ ድምፅሽም ይጠፋል። የምንበላው በዚያ በር ነው።"

"ሎቴክ ብላ።"

ከውስጥ "ጨለማ ነው፣ ክፈቱልኝ!" አለች የገዛ ድምፅዋ። እንዲህ የምትጮህን ሴት ጥሎ መሄድ እንዴት ይቻላል? ሰባት ዓመት የቆመችበት ቦታ ነው።

እንቲን በጨዋታው ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ አዙራ መራመድ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ከኋላ መቀርቀሪያው ቋ አለ፤ ጩኸቱም መሃል ላይ ተቋረጠ።

"ወጣች?" አለች ሳትዞር።

"ወጣች" አለ ዊልዳን።