የራጅ ክንፍ

ሴትየዋ የተጣለ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ከተበጠሰ የመብራት ሽቦ የቢራቢሮ ገላ ትጠመዝዛለች፣ ከጣሳና ከፕላስቲክ ክንፍ ትቆርጣለች፤ ቢራቢሮዎቿንም መስኮቱ ላይ ትሰቅላለች። ባሏ ከአልጋው ሆኖ፣ «ቤቱን የቆሻሻ ገንዳ አደረግሽው እኮ!» እያለ ይቀልድባታል፣ ሳሉ እስኪያቋርጠው።

ዛሬ ግን፣ «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ያንን የሳንባዬን ራጅ አውጪልኝ» አላት።

ፒንሳዋን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ አያመላልሷቸው፤ ቤታቸው ይረፉ» ካላት በኋላ፣ ራጁ ምን ይሠራል ብላ ለክንፍ ቆራርጣዋለች።

«የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ» አለች።

እሱ አልሰማትም። ፀሐይ ባበራችው ጥቁር ክንፍ ላይ የገዛ ጎድን አጥንቱን እያየ ነበር።

«መቼ ነው የነገሩሽ?» አላት።