ከአሥራ ሁለት እጅ ቀለም በታች

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷን አገር ለማወቅ ብላ በበጎ ፈቃደኝነት ባሕር ተሻግራ መጣች፤ በጎ ፈቃዱ የእሷ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ የአባቷ። አባትየው ራሱ ከወጣ ወዲህ ዞር ብሎ አላየም፤ ለአባቱ ቀብር እንኳ አልመጣም። አሁን ግን አንድ ፎቶ አማረው። አያትየው ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። እሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት የጻፉት ትልቅ ቃል አለ፣ ከእጃቸው ሥራ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ አንስተሽ ላኪልኝ አላት።

እሷም በደረሰች በነጋታው በዚያው ትምህርት ቤት ብሩሽ ተሰጣትና አብረዋት ከመጡት በጎ ፈቃደኛ ጓደኞቿ ጋር በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ለቀለቀችው። ግድግዳው ክፉኛ ይሸታል። ቢሆንም በሕይወቷ እንዲህ ለፍታ አታውቅምና በራሷ ኮራች።

በሦስተኛው ቀን የአያቷን ጽሑፍ ፍለጋ ግቢውን ዞረች፤ አጣች። ሲደክማት ሽማግሌውን ዘበኛ ጠየቀቻቸው።

"የቀባሽው ነዋ ልጄ" አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ጣራ እንዲጠግኑ ተሰጣቸው፤ ጣራው እስከ ዛሬ ያፈሳል። ከዚያ ወዲህ ርእሰ መምህሩ ሊበላሽ የማይችል ሥራ ሲያፈላልጉ ይህን ግድግዳ አገኙ። እንግዶቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ዘበኛው ጭቃ ይረጩበታል፤ እንግዶቹ ይቀቡታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። የእሷ አሥራ ሁለተኛው እጅ ቀለም ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ መጥታችሁ ሥራ የለም ብንላችሁ ነውር አይሆንም ወይ አሉ ዘበኛው፣ ምንም ሳያፍሩ።

ያፈረችው ልጅቷ ናት። አያቷን በገዛ እጇ ቀበረች፣ ያውም እያፏጨች። ማደሪያ የሰጠቻት አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ሳታጣሪ መቸኮል ከአባትሽ የወረስሽው ነው ብላ ተሳለቀችባትና ስፓቱላ ገዝታ ሰጠቻት።

ጓደኞቿ ኳስ ሲጫወቱ እሷ ስምንት ቀን ሙሉ ፋቀች። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ የአንዱ ዓመት እንግዶች ጀምረው የተውት ቀስተ ደመና፣ ሁሉም እየተላጠ ወረደ። ጥፍሯ አለቀ። ጽሑፉ ምን እንደሚል ዘበኛውን አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯት። በዘጠነኛው ቀን ክንድ የሚያካክሉ ጥቁር ፊደላት ብቅ ብቅ አሉ፤ እንዴት ያምራሉ።

"እዚህ መሽናት በጥብቅ ክልክል ነው" ይላሉ።

ዘበኛው ከኋላዋ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጽሑፉ ከተሸፈነ ወዲህ መንገደኛው ሁሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የሚሸናው፤ አያትሽ ከጻፉት ጀምሮ እስኪሸፈን ድረስ ግን የደፈረ አልነበረም አሏት።

ለአባቷ ደወለች። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። አነበበችለት። እሱም ያውቅ እንደነበር ነገራት። ልጆች የሽንት ጸሐፊ ልጅ እያሉ ሲያበሽቁት ነው ያደገው። በአባቱ አፍሮ ወጣ፤ ለእሷ እውነቱን መናገርም አሳፈረውና ትልቅ ቃል ፈጠረ።

"መስመሩ ቀጥ ያለ ነው?" አላት።

"በክር የተለካ ይመስላል።"

"አባዬ ክር አይጠቀምም ነበር። በዓይኑ ነው።"

በመጨረሻው ቀን ርእሰ መምህሩ ለለጋሾች ለሚላከው ፎቶ እንግዶቹን እዚያው ግድግዳ ሥር ደረደሯቸው። ሌላ ቦታ አልተዘጋጀም ነበርና አሥራ አምስት ወጣቶች ከጽሑፉ በታች ጥርሳቸውን አሳዩ። ሰዉ ሲበተን አንድ መንገደኛ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ፤ ቀና ብሎ አነበበና እጁን ሰብስቦ ሄደ። ልጅቷ ይህንንም ለአባቷ ጻፈችለት፤ አያቴን ሰው አሁንም ይሰማቸዋል አለችው።

ወዲያው መለሰላት። እየመጣሁ ነው፣ እስክደርስ ማንም እንዳይቀባው ለዘበኛው ንገሪልኝ ይላል።

ነገረቻቸው።

"ይምጣ" አሉ ዘበኛው። "ብቻ ሥራ ስጡኝ እንዳይል።"