የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ዋስትና

ንጋት በአንድ ክረምት ሦስት ቦታ ሥራ ጠይቃ ከሦስቱም የመለሳት ወረቀቷ ነው። ወረቀት የሌለው በማጣቱ ቢመለስ ወግ ነው፤ ወረቀት ይዞ በወረቀቱ መመለስ ግን የዚህ ዘመን ጉድ ነው። በውሃ ምህንድስና ማስተርስ አላት። ትሠራበት የነበረው ፕሮጀክት በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ላሊበላ አባቷ ቤት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ከሰባ ዓመት ሽማግሌ እጅ እየተካፈለች መብላት አንገፍግፏታል።

መጀመሪያ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ቀበሌ የውሃ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። የውሃ ኮሚቴው ማስረጃዋን እየተቀባበለ ካየ በኋላ ሰብሳቢው፣ «እኛ የምንሻው ሞተር የሚያስነሳ እንጂ ሞተር የሚያስተምር አይደለም» አላት። የቀጠሩት ጎረምሳ በወሩ ሞተሩን አቃጠለው። ሴቶቹም እንስራቸውን ተሸክመው ወደ ወንዝ ተመለሱ፤ ኮሚቴው ግን አልተጸጸተም። ቀጥሎ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ ዲግሪ ስላልነበረው ደብዳቤዋን አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ጋሸና ላይ ምግብ ቤት ያላት ዘሀራ ደግሞ፣ «እህቴ፣ አንቺን ወጥ አቅርቢ፣ ጠረጴዛ ጥረጊ ብዬ ማዘዝ ያሳፍረኛል» አለቻት። ቢያንስ እሷ እውነቱን ተናገረች።

«የተማረ ይግደለኝ» እያለ ያሳደጋት አገር ነው እንግዲህ። አሁን ሲማሩለት ጊዜ፣ የተማረ በሬን እንዳያንኳኳ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው። ንጋት ተናደደች፤ ንዴቱም እንደ ሌላ ጊዜ አድሮ የሚበርድ አልሆነም። ሁለቱን ዲግሪዎቿን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችና የአሥረኛ ክፍል ውጤቷን ብቻ ይዛ ወደ አቶ አራጋው ሆቴል ወረደች።

አራጋው እንግዳ ተቀባይ ይፈልግ ነበር። በእንግሊዝኛ ጥቂት አናገራትና ተደነቀ።

«ካሥረኛ ክፍል ይኼ ሁሉ እንግሊዝኛ ከየት መጣ?»

«ላሊበላ አይደል ያደግሁት፣ ጋሼ። ቱሪስት እየተከተልን።»

ይኼኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። አራጋው ሳቀ፤ «በይ ዋስ አምጪ» አላት። «የደብር ሰው ከሆነልኝ ሌላ አልጠይቅም። በሐሰት አይፈርሙም።»

የደብር ሰው ቤቷ ነበር። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ አርባ ዓመት ማኅሌት የመሩ፣ ቃላቸው በከተማው ሁሉ የታመነ ሰው ናቸው። ንጋት ፊርማ ብቻ መስሏት፣ ወረቀቱ ላይ ያጎደለችውን ሳትነግራቸው በማግስቱ ይዛቸው ሄደች። ጥፋቷ ይኼ ነው።

አራጋው ለሽማግሌው ወንበር ስቦ የዋስትናውን ቅጽ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። «የትምህርት ደረጃዋ አሥረኛ ክፍል ለሆነችው ለወይዘሪት ንጋት...» ሲል መሪጌታ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይኼ ስሕተት ነው። ንጋት እኮ ማስተርስ ናት! ሁለት ጊዜ ነው የተመረቀችው። አስተካክለህ ጻፈው።»

ሽማግሌው የጠቀሟት መስሏቸው ፊታቸው በርቷል። አራጋው ቅጹን ቀስ ብሎ ከፊታቸው ሳበ።

«አይ መሪጌታ፣ እንዲህ ከሆነማ ትምህርቷ በዝቷል። ዛሬ ገብታ ነገ የተሻለ ስታገኝ ጥላኝ ትሄዳለች።»

«የት ነው የምሄደው?» አለች ንጋት። «ያንን የተሻለ ቦታ እስቲ ያሳዩኝ፣ ጋሼ አራጋው! ሦስት ዓመት ስፈልገው አላገኘሁትም!»

አራጋው ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ ሥራውም ቀረባት።

መንገድ ላይ ንጋት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ጮኸች። «ምናለ ዝም ቢሉ፣ አባባ? አንድ ፊርማ! በእኔ ኮሩና እንጀራዬን ዘጉት!» አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያት፤ ግድም አልሰጣት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። «በእኛ ዘንድ ሁለት ጉባኤ ቤት የዘለቀ ሰው ተለምኖ ነው የሚቀጠር። ሰው በዕውቀቱ ይባረራል ብዬ እንደምን ልጠርጥር፣ ልጄ?» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራጋው ደወለላት። ስትደርስ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከግርጌው የአባቷ ፊርማ አለበት።

«በማለዳ መጡ» አለ አራጋው። «'የትናንቱ የአባት ጉራ ነው፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት' ብለው ፈርመው ሄዱ። እንግዲህ መሪጌታ ካሉ ምን እላለሁ?» ከንፈሩ ዳር ግን ሳቅ ነበር። አልተታለለም፤ ንጋትም ይህን አውቃለች። ያን የተከበረ አንገት ከፊቱ ተደፍቶ ማየቱ ደስ ብሎታል፣ በቃ። ያን ቀን አንድ ነገር ብትወረውርበት በወደደች። ግን የሆቴሉን ኮት ለብሳ ሥራ ጀመረች፤ ሥራው ያስፈልጋታልና። አባቷን ማታ እራት ላይ ልታመሰግን አስባ፣ ወጡን ብቻ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። እሳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ወደ ሥራ ስትወርድ በደብሩ በኩል አለፈች። ቅዳሴ ገብቷል። አባቷ ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ አልነጻንም ብለው ደጅ ከቀሩት ምእመናን መካከል ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ! ምነው ውጭ?»

«ለእኔ እዚህ ይበቃኛል። በሐሰት የፈረመ እጅ ጸናጽል አይይዝም።»

«ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና ይግቡ እንጂ።»

«ምን ብዬ ንስሐ ልግባ?» አሉ፤ ቁጣም ወቀሳም የለበትም። «ውሸቱ ገና ሥራ ላይ ነው። አንቺ እዚያ እስካለሽ ድረስ በየቀኑ እየዋሸሁ ነው። ይልቅ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ንጋት ሄደች፤ ግን ወደ ቤት ነው የሄደችው። ሳጥኑን እየከፈተች በአራጋው ተናደደች፣ በኮሚቴው፣ በርዕሰ መምህሩ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። አንድ ሽማግሌ አርባ ዓመት የቆመበትን ስፍራ ለአንድ ኮት ሸጣለች። ሁለቱን ዲግሪዎች ይዛ ሆቴሉ ደረሰችና አራጋው ቁርስ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ጣለቻቸው።

«ይኸው። ማስተርስ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አባቴን ያስዋሸናቸው እኔና እርስዎ ነን። አሁን ዋስትናውን ይመልሱልኝ!»

አራጋው የጎረሰውን ዋጥ አደረገ። «ታዲያ ይኼን ታህል ምን አስቆጣሽ? እኔ እንደሆን ለማንም አልናገርም፤ አርፈሽ ሥሪ።»

«እሳቸው ያውቃሉ!» ብላ ጮኸች፤ የሚያጸዱት ሴቶች መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ። «ወረቀቱን ይስጡኝ!»

መሳቢያውን ከፍቶ ሰጣት። ወረቀቱን እዚያው እፊቱ አራት ቦታ ቀደደችው፤ ኮቱንም አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች። ከዚያ ዲግሪዎቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ ለመድረስ ዳገቱን በሩጫ ወጣች።