ሦስተኛ ዓመት ገቢው ጋሼ ጀማነህ

ጋሼ ጀማነህ ከኮሌጅ የሁለት ዓመት በሆነው በአሶሼት ዲግሪ ሲመረቅ ኦሃዮ ሳትናወጥ እንዴት እንደዋለች አንድዬ ይወቅ። በኮሮና ምክንያት ምርቃቱ በዙም ቢሆንም፣ እሱ ጋውኑን ለብሶ በሚሠራበት መጋዘን የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ያልደረሰው ሐበሻ ካለ ገና ያልተወለደ ነው።

«ሁለቱን ዓመት በልቼዋለሁ፤ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ!» ይል ነበር። ጉልበቱ ሳይከዳው ከመጋዘን ወጥቶ ቢሮ መቀመጥ፣ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ኮርሶቹን የመረጠው በራሱ ዘዴ ነው። አማካሪ ዘንድ መሄድማ ነውር ነው፤ ጋሼ ጀማነህ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም! በብሬክ ሰዓት ካገሩ ልጆች ጋር መክሮ፣ ሒሳብ የበዛበትን ሸሽቶ፣ ቀለል ያለውን የሙያ ዘርፍ ያዘ። «ዲግሪ ዲግሪ ነው» አለ። ስንቱ ተከተለው መሰላችሁ!

ሊገባበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ አማካሪ በዙም የቀጠረችው እንግዶች ለእንኳን ደስ አለህ በሚመጡበት ቀን ሆነ። ሚስቱ እናናዬ ሳሎን ድፎ ስትቆርስ እሱ መኝታ ቤት በሩን ዘጋ።

«የተማሩት ለሥራ የሚያበቃ እንጂ ወደ ባችለር የሚሻገር አይደለም» አለችው አማካሪዋ። «ትራንስፈር የሚሆኑት ሁለት ኮርሶች ብቻ ናቸው።»

«የቀሩትስ?»

«አዝናለሁ። ከአንደኛ ዓመት ይጀምራሉ።»

ያ ተራራ የሚያህል ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት አለ። ከሺፍት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ያጠናው ሁሉ እንደ ጉም በነነ። እንደገና አራት ዓመት? በየትኛው ጉልበት?

ሳሎን ሲወጣ በጭብጨባ ተቀበሉት።

«እህሳ፣ ሦስተኛ ዓመት ገባህ?» አለው የሥራ ባልደረባው ያደታ።

«ዩኒቨርሲቲው ሳሳልኝ ባክህ! አራቱንም ዓመት ካልተማርክልን ብሎ ያዘኝ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አብራው የምትሠራው ኸይሪያ ብቻ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ በአላህ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ እኮ የእርስዎን ኮርሶች ነው አንድ ሳላስቀር የወሰድኩት።»

ጋሼ ጀማነህ፣ ያ ለአገር የሚተርፍ አፍ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይሻገርም፣ ኸይሪያ። ቀይሪው። ዛሬውኑ ቀይሪው።»

«ምኑን ልቀይር? የመጨረሻውን ፈተና ትናንት ጨረስኩ እኮ።»

የሚስቅ ጠፋ። እናናዬ የዳቦውን ሳሕን ለማን እንደምትዘረጋ ግራ ገብቷት መሀል ወለል ላይ ቆማ ቀረች።