ሬዲዮውን ዝም አሰኝልኝ

የሚስቱ ታላቅ ወንድም መኪና ገና መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የሱቁ ሬዲዮ ያሳብቅባታል። የዜና አንባቢው ድምፅ ይዋጥና ሬዲዮው እንደሚጠበስ ነገር ይንጣጣል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው ቀና ሳይል ማን እንደመጣ ያውቃል።

«ሽቦ፣ አለህ?»

ሽቦ የሚለው እሱን ነው። በሠርጉ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «እህታችንን ለሽቦ ሰጠናት» ብሎ አሳቀበትና ስሙ በዚያው ቀረ። ተናጋሪው ረስቶታል። እሱ ግን ማን እንደሳቀ፣ ማን አፉን በእጁ እንደሸፈነ እስከ ዛሬ ለይቶ ያውቃል።

«አለሁ ጋሼ።»

«ይቺ ሬዲዮ ጆሮዬን በላችው። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ትንጫጫለች። ቶሎ በል፣ መንገደኛ ነኝ።»

ኤሌክትሪክ ሠሪው ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን ወደሚለኩሰው ካንዴላ የሚሄደው አንዱ ገመድ ተልጦ፣ ቤንዚን የሚያንጠባጥበው የጎማ ቱቦ ላይ ተጋድሟል። ከተላጠው ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ትዘላለች።

«ጋሼ፣ ሬዲዮው ምንም አልሆነ። ይሄ ገመድ…»

«ደግሞ መካኒክ ሆንክልኝ? ሬዲዮውን ዝም አሰኝልኝ፣ ሞተሩን ለሚያውቁት ተው።»

እሺ አለ። ዝም ማሰኘት ነው የተፈለገው? ዝም ይላላ። ወደ ሬዲዮው በሚገባው መስመር ላይ ጩኸት የሚያጣራ ኮንደንሰር አሰረለት። ብልጭታዋ እዚያው ናት፤ የመኪናው ሬዲዮ ብቻ ከእንግዲህ አያወራባትም።

«አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ» አለ ሰውየው፣ ጥርት ያለውን ዜና እየሰማ።

ይሄኔ ሚስቱ ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። «ከወንድሜ ጋር እማዬን ጠይቄ ነገ እመለሳለሁ። አልነገረህም እንዴ?»

«ማን ይነግረኛል?»

«ይኸው ነገርኩህ። ምነው፣ ፊትህ ጠቆረ?»

«ሳትሄጂ ናፈቅሽው መሰለኝ» አለ ወንድሟ ከመሪው ኋላ። እሷም ሳቀች። እንደ ሠርጉ ቀን ሳቀች።

«ምንም አልሆንኩ» አለ።

ሄዱ። የሱቁ ሬዲዮ ተንጣጣ፣ ተንጣጣና መንጣጣቱ በአንዴ ቆመ። ማደያው መታጠፊያው ላይ ነው፤ ነዳጅ ሊቀዱ ሞተር አጥፍተዋል ማለት ነው። ሮጦ ይደርስባቸዋል። ግን ምን ብሎ ይጀምር? ‹ቅድም ለምን አልተናገርክም?› ቢለው፣ እሷ ፊት ቢለው፣ ምን ይመልሳል? እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሑን ጣት ሳይቀር ደግሞ ጠረገው። የሚለውን በልቡ አሰናዳ፣ አፈረሰ፣ እንደገና አሰናዳ። በመጨረሻ ጨርቁን ወርውሮ ወደ በሩ ተንደረደረ።

እግሩ ደፉን ሳይሻገር ከኋላው ሬዲዮው መንጣጣት ጀመረ።

«ቁሙ» አለ፣ ማንም ወደሌለበት መንገድ እያየ።

መንጣጣቱ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ። የዜና አንባቢው ድምፅ ቀስ በቀስ ጥርት እያለ መጣ።