ከተስፉ ለአስመረት

አስመረት ሰኞ ትኬት ልትቆርጥ አውቶቡስ ተራ እንደምትሄድ የነገረችኝ ሐሙስ ዕለት ነው። ሱቄ መጥታ አንድ ሳሙናና ክብሪት ከገዛች በኋላ እንደ ተራ ወሬ ጣል አደረገችው። መቀሌ እኅቷ ጋ ልትሄድ ነው። ለስንት ቀን ብዬ ጠየቅኋት።

«ለስንት ቀን የሚባል የለም» አለች። «ደክሞኛል፣ የሻሽ።»

እኔም ደክሞኝ ስለነበር ክርክር አልገጠምኩም። ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ሱቅ ውስጥ አቧራ ሲቅም የዋለ ሰው፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለሰው ትዳር የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። ግን ደግሞ ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አልነበረም። አስመረትንና ባሏን ተስፉን ካወቅኋቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ኡራኤል አካባቢ አቶ ገመዳ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ አስመረት ከአክስቷ ጋር፣ ተስፉ ብቻውን፣ እኔ ከአጎቴ ጋር። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ በማኅበር ቤት ሠሩ፣ እኔንም ጎትተው ጎረቤታቸው አደረጉኝ። አንዲት ልጃቸው ኣርያም ለትምህርት ጅማ ከሄደች ወዲህ ቤታቸው ድምፅ የለውም።

ጋሽ ተስፉ ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ አይሳደብም። ቦሌ መንገድ ካለው መሥሪያ ቤቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ከዜናው ጋር ይቀመጣል። ሲያስነጥስ እንኳ ድምፁን የሚቆጥብ ሰው ነው። አስመረት ከፋሲካ ወዲህ አልጋዋን ወደ ሰርቪስ ቤቱ አዛውራለች፤ እሱ ግን ያስተዋለ አይመስልም።

አርብ ከሥራ መልስ አቶ ዘርአይ የሚባሉ የአገራቸው ሽማግሌ ሊያስታርቋቸው ከሳሊተ ምሕረት መጡ። እኔም በጎረቤትነቴ ተጠራሁና ሻይ ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

«ምን በደለሽ፣ ልጄ?» አሏት አቶ ዘርአይ።

«ምንም። እሱ ምንም አያደርግም። በደሉም ይኸው ነው።»

«ይሄማ በደል አይባልም።»

«አባባ ዘርአይ፣ ይሄ ሰውዬ ያኔ አገር እየሰማ በሬዲዮ ስሜን አስጠርቶ፣ ዘፈን መርጦ ነው የለመነኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹ስሚ› ነው የሚለኝ።»

ጋሽ ተስፉ ከመሬት ላይ ዓይኑን አነሣ። «እኔ ነኝ በሬዲዮ ያስጠራሁሽ?»

«እና ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ እንጂ። ነውር ይሆንባታል ብዬ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ኖርኩ እንጂ፣ ካርዱን የላክሽው አንቺ ነሽ። ፀጉር ቤት ተቀምጬ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

እኔን ሻዩ ትን አለኝ። አቶ ዘርአይ ጀርባዬን ሦስት ጊዜ መቱኝ። የሳልኩበትን ምክንያት ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የፈረንጅ ዘፈን ውድድር ነበር። አድማጭ በፖስታ ካርድ ይመርጣል፣ ብዙ ካርድ ያገኙት አሥሩ ዘፈኖች ከአሥረኛው ተጀምሮ እስከ አንደኛው ይሰማሉ። «ከእገሌ ለእገሌ» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ደግሞ የመነበብ ዕድል ነበረው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት ውያለሁ። አንድ ዘፈን ወድጄ ሞቻለሁ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ዘፋኙ ባቡር ያመለጠው ይመስል ነበር፤ እንደዚያ ነው የሚያለቅሰው። ዘፈኑ ሰባተኛ ላይ ወጥቶ አልነቃነቅ አለ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ካርድ ነው። ስለዚህ የግቢውን ሰው ስም በሙሉ ወስጄ፣ ግማሹን በቀኝ እጄ ግማሹን በግራ እጄ እየጻፍኩ ላክሁ። ስም ሲያልቅብኝ ገለበጥኩት፤ ላኪውን ተቀባይ፣ ተቀባዩን ላኪ አደረግሁት። ተስፉና አስመረት ያኔ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ከወር በኋላ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሳይ ገረመኝ፣ በዓመቱ ሠርጋቸው ላይ ጠላ ስቀዳ ደግሞ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ግን በሠርግ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ከሠርጉ በኋላማ ጭራሽ።

«የሻሽ እኮ ሁሉንም ቀድታዋለች» አለች አስመረት ወደ እኔ ዞራ። «ካሴቶቹ አሉ አይደል?»

አጎቴ አየር መንገድ ይሠራ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ቴፕ ያለን እኛ ብቻ ነበርን። ቴፑን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጬ፣ ሰዉን ሁሉ ዝም በሉ እያልኩ ነበር የምቀዳው። ካሴቶቹ አሉ። የሉም እንዳልል በየዓመቱ ለዓውደ ዓመት ጽዳት ካርቶኑን አብራኝ የምታወርደው እሷው ናት።

«እንግዲያው ይሰማ» አሉ አቶ ዘርአይ።

«ይሰማ» አለች አስመረት። «የላከው እሱ ከሆነ፣ አንድ ቀንም ቢሆን ፈልጎኛል ማለት ነው። እቀመጣለሁ። ካልሆነ ሰኞ ትኬቴን እቆርጣለሁ።»

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ ዘርግፌ ማዳመጥ ያዝኩ። አሥራ አንድ ካሴት ነው። ላያቸው ላይ የጻፍኩት ለቋል። ሁለቱን ቴፑ በላቸውና በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ መለስኳቸው። ደግሞ መብራት ጠፋ፣ የከተትኩት ባትሪ ድንጋይ ደከመ፤ ያ ልሳኑ የተባረከ አቅራቢ እንደ ሰካራም ይጎተት ጀመር። ያኔ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ ያሳጡኝ የነበሩትን ዘፈኖች ስሰማቸው አንዱም አልነካኝም። የምሰማው ከኋላ ያለውን ነው፤ የአስመረትን አክስት ሳል፣ የአጎቴን ጫማ፣ የዝናቡን ድምፅ በቆርቆሮው ላይ።

አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልገኒ አንገቱን አስገባ። «የሻሽ፣ ይሄ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ ከአሥር ወደ አንድ እየቆጠረ ነው። አንድ ላይ ሲደርስ ደግሞ አሥር ይላል። ሒሳብ የሚያስተምረው የለም?»

«አንተ ጨርቅህን ለካ።»

«በሱ ቆጠራ ብለካማ ድሮ ከስሬ ነበር።»

ሰባተኛው ካሴት ላይ አገኘሁት። «ከአቶ ተስፉ ገብረእዝጊ ለወይዘሪት አስመረት ዓንዶም፣ ከልብ በመነጨ ስሜት።» ከኋላ አንዲት ልጅ በእጇ አፏን አፍና ስትስቅ ይሰማል። እኔ ነኝ። ካሴቱን ስገለብጠው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ትንሽ እንደሄደ ጋሽ ተስፉ ያለው እውነት ሆኖ ተገኘ። «ከወይዘሪት አስመረት ዓንዶም ለአቶ ተስፉ ገብረእዝጊ።» እዚያ ላይ ቴፑን አጠፋሁት። እሱ የመጀመሪያውን ቅዳሜ፣ እሷ የሚቀጥለውን አልሰሙም ማለት ነው። የቀረውን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

መላው ቀላል ነበር። የመጀመሪያውን ፊት አሰማለሁ፣ ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። አስመረት ትቀመጣለች፣ እሱም ተረታሁ ብሎ ሬዲዮው ጋ ይመለሳል። ለሁላችንም የሚቀለው ይሄ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ዘርአይ አልመጡም፤ ሦስታችን ብቻ ነን። የመጀመሪያውን ፊት ከፈትኩላቸው። ስሙ ሲጠራ አስመረት ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ለአፍታ ሲለቅቃት አየሁ፣ ለራሴም እሰየው አልኩ።

«ስሜን ጠርቷል» አለ ጋሽ ተስፉ። «እኔ ግን አልላክሁም። ገልብጪው።»

«በዚያኛው በኩል ተበላሽቷል» አልኩ።

ለእንግዳ እንኳ ከወንበሩ የማይነሣው ሰው ተነሣ። ካሴቱን አወጣ፣ በእጁ አገላብጦ አየው፣ ራሱ ከተተው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጀመረ። ስምንተኛ አለፈ። ሰባተኛ አለፈ። የእሷ ስም ተጠራ፣ ለእሱ፣ በዚያው «ከልብ በመነጨ ስሜት»። አስመረት ዓይኗን ገለጠች። አቅራቢው ሳይተነፍስ ቀጠለ፦ «ይህንኑ ዘፈን ከአቶ ቡቺ ገመዳ ለወይዘሮ ድንቡሼ፣ ከልብ በመነጨ ስሜት።»

ቡቺ የአቶ ገመዳ ውሻ ነበር። ድንቡሼ የአስመረት አክስት ድመት ነበረች። ይህን ካርድ እኔው ራሴ ረስቼው ኖሬአለሁ።

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«የሻሽ» አለች አስመረት።

«ዘፈኑ ሰባተኛ ላይ ቆሞብኝ ነው» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

«አንደኛ ወጣልሽ?» አለ ጋሽ ተስፉ።

«አራተኛ።»

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ቴፑ ውስጥ ቁጥሩን እየወረደ ነው፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። አስመረት የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ተናገረች፤ ለማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

«ዝም ሲለኝ ግድ የለም እል ነበር። ያኔ ተናግሯል፣ ያ ይበቃል እል ነበር። በዚያች ካርድ ነው የኖርኩት።»

«እኔም አንቺ ተናግረሽ ጨርሰሻል ብዬ ነው» አለ እሱ። «ምን እጨምርበታለሁ? ያን ሰኞ በርሽ ድረስ መጥቼ ሰላም ያልኩሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

«እኔ ሰላምታህን የመለስኩት እንዳታፍር ብዬ ነው።»

ለሃያ ሁለት ዓመት እያንዳንዱ ተለምኜ ነው እያለ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ለካ የለመነ የለም። የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ለዘፈን።

አስመረት ተነሣች። «ሰኞ ትኬቴን እቆርጣለሁ።»

«አትሂጂ» አለ ጋሽ ተስፉ።

በር ላይ ቆመች። «ይሄ ከአንተ ነው ወይስ ከየሻሽ?»

ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ሰርቪስ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ጋሽ ተስፉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄ መጣ። ምላጭ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ቆሞ ቀረ።

«የሻሽ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለ በመጨረሻ። «ለሷ የሚሆን አንድ ሁለት መስመር ነገር ብትጽፊልኝ።»

ጋሽ ተስፉ ይቀልዳል እንዳልል ቀልድ አያውቅም። «እኔ ካርድ መጻፍ ትቻለሁ» አልኩት። «ያለፈው ያመጣብንንም አልጨረስነው።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«እኔ እንጃ። በስሟ ጀምር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተው ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት አጠራቅመህ የለም?»

ምላጩን ኪሱ ከቶ አቀርቅሮ ሄደ። ይናገራል ብዬ አልጠበቅሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ለመጠበቅም ጉልበት አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ታክሲ ሲጠብቁ አየኋቸው። እሷ ቦርሳዋን ይዛለች፣ እሱ በሥራ ልብሱ አጠገቧ ቆሟል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ታክሲ አልፎት ሄደ፣ አልገባም። ወደ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የሚሄደው ሲመጣ ተከትሏት ገባ። ትኬት ሊያስቆርጣት ነው ብዬ ተበሳጨሁ። ለዚህስ ለዚህ፣ ሥራ ሄዶ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

ሙሉ ቀን ልቤ አልተመለሰም። ለአብዱልገኒ ሁለት ጊዜ መልስ አሳስቼ ሰጠሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀ መለሰልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አስመረት ብቻዋን መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ባንኮኒው ላይ ሁለት ክንዷን ጥላ ቆመች።

«ቆረጥሽ?» አልኳት።

«ሰልፉ ረጅም ነበር።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«መስኮቱ ጋ ልንደርስ አምስት ሰው ሲቀረን ማውራት ጀመረ።» ነጠላዋን አወረደችው። «ከኋላ ያሉት እለፉ እንጂ ይላሉ፤ እሱ አይሰማም። ተራችን አለፈ። ወጥተን ግድግዳው ሥር ተቀመጥን።»

«ምን አለሽ?»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ልክ ነሽ።»

አጎንብሳ የጫማዋን አቧራ አራገፈች።

«አያምርበትም» አለች። «ይንተባተባል፣ ይደጋግማል፣ መሐል ላይ ስለ መሥሪያ ቤቱ ይገባበታል። ግን ስሜን ጠርቶ ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲያ የኡራኤሉን ግቢ፣ የአክስቴን ደረጃ፣ የለበስኩትን ቀሚስ ሁሉ … እኔ እንኳ የረሳሁትን።»

«ነገስ ትኬት ልትቆርጪ ትመለሻለሽ?»

«እንጃ» አለች፤ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ እያየች ሁለት ዳቦ በጣቷ አሳየችኝ። «ገና ተናግሮ አልጨረሰም።»